ከካራማራ በር እስከ ባሕር ዳር፤ ከእናታቸው ስለ ተነጠቁ ግልገሎች

ካራማራ ሲባል በኢትዮጵያዊ ጆሮ አስቀድሞ የሚሰማው የጦር ድምፅ ነው። በ1970 ዓ.ም. የካቲት 26 ቀን ጅጅጋ ከወራሪው ሠራዊት እጅ የተመለሰችበት ድል በዚህ ተራራ ስም ስለሚጠራ፤ ብዙዎቻችን ቦታውን የምናውቀው በወታደሩ ተጋድሎ ነው። ይህም መታሰቢያ የተገባ ነው። ነገር ግን ካራማራ የጦር ሜዳ ከመኾኑ አስቀድሞ በር ነበረ፤ ዛሬም በር ነው። ከሐረር የሚመጣ መንገደኛ ተራራውን ዐልፎ ወደ ምሥራቅ ሲመለከት የጅጅጋ ሜዳ እንደ ምንጣፍ ተዘርግቶ ይታየዋል። ከዚያም መንገዱ ወደ ቶጎ ውጫሌ፥ ወደ ሐርጌሳ፥ በመጨረሻም ወደ በርበራ ወደብ ይወርዳል። በዚህ መንገድ ከብትና ቆዳ፥ ቡናና ጫት፥ ጨውና ጨርቅ ሲወጣና ሲገባ ኖሯል። እኛ ዛሬ የምንጽፈው ግን በዚሁ መንገድ በስውር ስለሚወርድና ድምፁ የወፍ ጫጩት ስለሚመስል ስለ አንድ ጭነት ነው። ይህም ከእናቱ ጕያ የተነጠቀው የአቦ ሸማኔ ግልገል ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ከደጋው ወደ ቀይ ባሕርና ወደ ዓደን ባሕረ ሰላጤ የሚወርዱት መንገዶች ከጥንት ዠምሮ የአራዊትን አካል ለባዕድ ሲያደርሱ ኖረዋል። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በመዠመሪያው ምዕት ዓመት የነበረ ስሙ ያልታወቀ የግሪክኛ ጸሓፊ፥ «የኤርትራ ባሕር ጕዞ» በሚባለው መጽሐፉ ከአዱሊስ ወደብ የሚወጣውን ሸቀጥ ሲቈጥር፥ የዝኆን ጥርስ፥ የአውራሪስ ቀንድና የባሕር ኤሊ ቅርፊት ብሎ ይዘረዝራል። ቅርፊቱንም በአቅራቢያው ካሉት ደሴቶች የሚያመጡት ዓሣ በሊ የተባሉ ሰዎች እንደ ነበሩ ይነግረናል። ዛሬ ዘይላ በምትባለው ወደብ ገደማ እንደ ነበረች የሚታመነው አዋሊጤስም ጥቂት የዝኆን ጥርስና የኤሊ ቅርፊት ለነጋዴ ታቀርብ ነበር። በዚያው ምዕት ዓመት የነበረው ሮማዊው ፕሊኒዮስ ደግሞ ወደ አዱሊስ የሚመጣውን ሲጽፍ የጕማሬን ቆዳና ዝንጀሮን ከባሪያ ጋራ በአንድ መሥመር ቈጥሯል። በዚያ ዘመን ለነጋዴ ሁሉም ሸቀጥ ነበረ፤ ነፍስ ያለውና የሌለው አይለይም ነበር። ኤሊዋ በአሸዋ ላይ ዕንቍላል ልትጥል ስትወጣ ተገልብጣ ትያዛለች፤ ቅርፊቷም ተገፎ በሮም ባለጠጎች አልጋና ገበታ ላይ ይለበጣል።

ከአምስት ምዕት ዓመት በኋላ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ525 ዓመት ገደማ፥ ቆስማስ የተባለ የእስክንድርያ ነጋዴ አዱሊስን ጐበኘ፤ ይህም ሰው በኋላ እንደ መነኰሰ ይነገራል። በጽሑፉም በንጉሡ ግቢ ገና ግልገል ሳሉ ተይዘው የለመዱ አንድ ኹለት ቀጭኔዎች ለንጉሡ መደሰቻ ይጠበቁ እንደ ነበረ ጽፏል። ውሃ ወይም ወተት በሳሕን ሲቀርብላቸው፥ አንገታቸውና እግራቸው እጅግ ረዥም ስለ ኾነ፥ የፊት እግሮቻቸውን ካላንፈራጠጡ በቀር ሊጠጡ እንደማይችሉ በዐይኑ እንዳየ ሰው ያስረዳል። ከዚህም የምንረዳው ልጅን ከእናቱ ለይቶ ለታላላቆች ግቢ ጌጥ ማድረግ የዛሬ ዘመን ፈጠራ አለመኾኑን ነው።

አሁን ወደ ካራማራ እንመለስ። ጅጅጋ ገና ከተማ ሳትኾን፥ በ1885 ዓ.ም.፥ ካፒቴን ስዌይን የተባለ እንግሊዛዊ መኰንን በዚያ ሲያልፍ ያየው በውሃ ጕድጓዶች አጠገብ የተሠራ አንድ አራት ማዕዘን ምሽግና 25 ያህል ወታደሮች ብቻ ነበር። ሜዳው ግን ባዶ አልነበረም። ቆርኬ የተባለው ቀይ ቡናማ የሜዳ እንስሳ እጅግ ብዙ መንጋ ኾኖ ይሰማራበት ነበር። የሥነ ፍጥረት ሊቃውንትም ይህን ዘር በመንገደኛው ስም «የስዌይን ቆርኬ» ብለው ሰየሙት። በዚያው ዘመን ግን በክፉ ቀን ከብቱን የፈጀው ደስታ የተባለው በሽታ የሜዳውን አራዊትም አልማረም፤ ከዚያ የተረፈውን ደግሞ ጠመንጃ ተከታትሎ ጨረሰው። ዛሬ በጅጅጋ ሜዳ አንድ ቆርኬ የሚያሳይ ሰው አይገኝም። የስዌይን ቆርኬ በመላው ዓለም የቀረው በኢትዮጵያ ብቻ ሲኾን፥ እርሱም በሻሸመኔ አቅራቢያ በሰንቀሌ መጠለያ፥ በደቡብም በማዜ ፓርክ ተወስኖ ነው። አንድ ፍጥረት ስሙ በመጽሐፍ ተጽፎለት ሳለ ከአገሩ እንዴት እንደሚጠፋ ካራማራ ራሱ ምስክር ነው። ስለ አቦ ሸማኔ የምንናገረውም ይህን ምስክር ይዘን ነው።

አቦ ሸማኔ ከምድር አራዊት ሁሉ በሩጫ የሚቀድመው የለም። እንደ አንበሳ አያገሣም፤ ድምፁ የወፍ ጩኸት ይመስላል፤ ሲደሰትም እንደ ቤት ድመት ያንኰራፋል። እናቲቱ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ግልገሎች ትወልዳለች። ሲወለዱ ዐይናቸው ያልተገለጠ፥ ክብደታቸውም ከግማሽ ኪሎ በታች ነው። በጀርባቸው ላይ ግራጫ ጠጕር እንደ ካባ ይበቅልባቸዋል፤ ይህም በደረቅ ሣር ውስጥ ሲተኙ ከዐይን ይሰውራቸዋል። እናቲቱ ብቻዋን የምታሳድግ ስለ ኾነች፥ ለአደን ስትሄድ ግልገሎቿን በሣር ወይም በቍጥቋጦ ሥር ደብቃ ለብዙ ሰዓት ትለያቸዋለች። መከራቸውም የሚዠምረው በዚህ ሰዓት ነው።

አርብቶ አደሩ በጐቹንና ፍየሎቹን ሲያግድ በሣሩ ውስጥ የሚጮኹትን ያገኛል፤ ወይም ፍየል ስለ ተበላችበት እናቲቱን ተከታትሎ ይገድልና ልጆቹን ያነሣል። በዚህ ሰው ላይ ቶሎ ለመፍረድ አንቸኵል። ዝናብ ባልዘነበበት ዓመት መንጋው ያለቀበት ሰው፥ ከሣር ውስጥ ያነሣውን ለሚጠይቀው ደላላ በጥቂት ብር ቢሸጥ የክፋት ብቻ አይደለም፤ የችግርም ነው። ትርፉ ግን ለእርሱ አይደርስም። ግልገሉ በሣጥን ወይም በከረጢት ታሽጎ ድንበር ይሻገራል፤ ከዚያም ወደ በርበራ ወይም ከዘይላ ወዲህና ወዲያ ወዳሉት ጭር ያሉ የባሕር ዳሮች ይደርሳል። በጀልባም ወደ የመን ተሻግሮ በዐረብ ምድር ባለጠጎች ግቢ ዋጋው ብዙ እጥፍ ይኾናል። በዚያ ከውድ መኪና አጠገብ አስቀምጠው ሥዕሉን በስልክ ለዓለም ያሳዩበታል። ስለ አቦ ሸማኔ የሚደክሙ ማኅበራት በዓመት 300 ያህል ግልገሎች በዚህ መንገድ እንደሚወሰዱ ይገምታሉ። ከእነርሱም ብዙዎቹ ባሕሩን ሳያዩ በረኃብ፥ በውሃ ጥምና በሆድ ሕመም ይሞታሉ። በመላው ዓለም በዱር የቀሩት ሙሉ አቦ ሸማኔዎች ከ7,000 ብዙ እንደማይበልጡ ስለሚገመት፥ ይህ ኪሳራ ለምሥራቁ ዘር እጅግ ከባድ ነው።

ይህ ንግድ ወደ ምን ፍጻሜ እንደሚያደርስ ለማወቅ የሕንድን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። በ16ኛው ምዕት ዓመት የነበረው ታላቁ የሞጎል ንጉሥ አክበር ለአደን የሠለጠኑ አንድ ሺሕ ያህል አቦ ሸማኔዎች በግቢው ነበሩት ይባላል። ነገር ግን አቦ ሸማኔ በሰው እጅ ሳለ በቀላሉ አይወልድም። የአክበር ልጅ ጃሃንጊር በዘመኑ በግቢ ውስጥ አንዲት እናት መውለዷን እንደ ድንቅ ነገር አስጽፏል። ከዚያ በኋላ በሰው እጅ ሌላ ግልገል መወለዱ በጽሑፍ የታወቀው፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1956 ዓመት በአሜሪካ በፊላደልፊያ ከተማ ነው። ስለዚህ በግቢ የታየው ሁሉ ከዱር የተነጠቀ ነበር ማለት ነው። የዱሩ ምንጭ ሲነጥፍ ሕንድ በ1944 ዓ.ም. አቦ ሸማኔ ከምድሯ መጥፋቱን አስታወቀች። ከ70 ዓመት በኋላም፥ በ2015 ዓ.ም. መባቻ፥ ከአፍሪካ ከናሚቢያ በአውሮፕላን እስከ ማስመጣት ደረሰች። ባለጠጋ መንግሥት የጠፋበትን ከሩቅ አገር ሊያስመጣ ይችላል፤ የጅጅጋ ሜዳ ግን ማን ያስመጣለታል?

ይህን ንግድ የሚከለክል ሕግ የለም እንዳይባል ሕጉ አለ። በአደጋ ላይ ባሉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ላይ የተደረገው ዓለም አቀፍ ውል በ1965 ዓ.ም. በዋሽንግተን ተፈርሞ በ1967 ዓ.ም. ሥራ ዠመረ፤ አቦ ሸማኔም ንግዱ ፈጽሞ በተከለከለበት በመዠመሪያው ሰንጠረዥ ተመዘገበ። የባሕር ኤሊም ዛሬ በዚያው ሰንጠረዥ አለች። ኢትዮጵያ በ1981 ዓ.ም. ወደ ውሉ ገብታለች። በሐርጌሳ ያለውም አስተዳደር በበኩሉ ሕግ አውጥቶ፥ በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ኹለት ሰዎች በግልገል ሽያጭ ተከሰው በፍርድ ቤት በሦስት ዓመት እስራት ተቀጥተዋል። ነገር ግን ሕግ ብቻውን እግር የለውም። የድንበር ጠባቂ ሣጥኑን ከፍቶ አምስት የተራቡ ግልገሎች ቢያገኝ ወዴት ያድርሳቸው? የሚቀበላቸው ቤት ከሌለ፥ መያዙ ሞታቸውን በሌላ ስፍራ ከማድረግ በቀር ምን ይጠቅማል? የመጠለያ ቤት ነገር የሚነሣው በዚህ ጊዜ ነው።

በ1998 ዓ.ም. ኅዳር ወር ከጅጅጋ ወደ ደቡብ ርቃ በምትገኘው በጎዴ ከተማ የኾነው ለዚህ ምሳሌ ነው። በአንድ ምግብ ቤት ደጅ ኹለት የአቦ ሸማኔ ግልገሎች አንገታቸው በገመድ ታስሮ ለሕፃናት መጫወቻ ኾነው ተገኙ፤ ከኹለቱም አንዱ ዐይኑ ተጐድቶ ነበር። በዚያ በርዳታ ሥራ ላይ የነበሩ የአሜሪካ ወታደሮች አይተው ወሬውን አሰሙ። የኢትዮጵያ መንግሥትም ግልገሎቹን ተረክቦ በአየር ወደ አዲስ አበባ አስመጥቶ በብሔራዊ ቤተ መንግሥት ቅጥር አኖራቸው። በዚያ ጊዜ ከቤተ መንግሥት በቀር የሚያኖራቸው የተሻለ ስፍራ አልነበረም። ቆስማስ ቀጭኔዎቹን ያየበት የጥንቱ ልማድ በ1,500 ዓመቱ መልኩን ለውጦ ተመለሰ፤ አስቀድሞ ግልገል ወደ ንጉሥ ግቢ የሚገባው ለመደሰቻ ነበር፥ አሁን ግን ነፍሱን ለማዳን ኾነ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተሻሽሏል። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በመናገሻና በሆለታ አቅራቢያ እንስሳ ኮቴ የተባለ መጠለያ በቦርን ፍሪ ማኅበር ተቋቁሟል። ስፋቱም 77 ሔክታር ነው። ከሶማሌ ክልል የተያዙ አቦ ሸማኔዎችና አንበሶች በዚያ ይጠበቃሉ። ከእነርሱ አንዱ በዶሎ ከተማ ዓመታት ሙሉ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ ጋማው እስኪመለጥ የኖረ አንበሳ ነበር፤ ስሙንም በከተማይቱ ስም ዶሎ አሉት። ድንበሩን ተሻግሮ ደግሞ በናሚቢያ የተመሠረተው የአቦ ሸማኔ ጥበቃ ማኅበር ከሐርጌሳ አስተዳደር ጋራ ተባብሮ በመንገድ የተያዙትን ግልገሎች ይቀበላል። በዚያ የተሰበሰቡት ከ90 አልፈዋል። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህም ከከተማው ጠባብ ቤት ወጥተው ጌድ ደብሌ በተባለ ሰፊ ስፍራ ተቀምጠዋል።

የእነዚህ ቤቶች ሥራ ለሩቅ ተመልካች ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ትዕግሥት የሚፈትን ነው። የደረሰው ግልገል በመዠመሪያ የሚያስፈልገው ምግብ ሳይኾን ሙቀት ነው፤ የቀዘቀዘ ሆድ የሚሰጠውን አይፈጭምና። ከዚያ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ይሰጠዋል። ረኃብ ያደቀቀውን ቢያዝኑለት አብዝተው ቢያጐርሱት ርኅራኄው ራሱ ይገድለዋል። ወተቱ ሌሊትም ሳይቀር በየጥቂት ሰዓቱ ይታደላል። ትሉና ቍንጫው ይጠራል፤ በሽታ እንዳያጋባም ለብቻው ይለያል፤ ክትባትም ይሰጠዋል። ነጋዴዎች አጥንት የሌለው ሥጋ ብቻ ሲሰጡት የቈየ ግልገል ካልሲየም አጥቶ እግሩ ይጐብጣል፤ ይህን ማቅናት ወራት ይፈጃል። ይህ ሁሉ ተደርጎለትም በደረሰ በጥቂት ቀን የሚሞት አለ፤ ጠባቂውም ቀብሮ ወደሚቀጥለው ይመለሳል።

አንባቢ ሆይ፤ ግልገሉ ዳነ እንበል። በላ፥ ወፈረ፥ ሮጠ። ከዚያስ? በዚህ ስፍራ የባሕር ኤሊን ነገር መልሰን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ከበርበራ እስከ ዘይላ ባለው ጠረፍ አንዲት ኤሊ በመረብ ቈስላ ወይም ታምማ ማዕበል ወደ አሸዋው ቢጥላት፥ የሚያውቅ ሰው ጥላ ያደርግላታል፤ አፍንጫዋን ሳይሸፍን ቅርፊቷን በእርጥብ ጨርቅ ያለብሳታል፤ በክንፎቿም ይዞ አይጐትታትም። ታክማ ስትድን ወደ ባሕር ይመልሳታል፤ እርስዋም ዞር ሳትል ትሄዳለች። የኤሊ እናት ዕንቍላሏን በአሸዋ ቀብራ ስለምትሄድ፥ ኤሊ እናቷን አይታ አታውቅም። መዋኘቱንም፥ መብላቱንም፥ መንገዱንም ከተፈጥሮዋ ይዛው ወጥታለች። ባሕሩ ካለላት ጐደለ የሚባል የለባትም።

የአቦ ሸማኔ ግልገል ግን እንዲህ አይደለም። አንድ ዓመት ተኩል ያህል ከእናቱ ጋራ እየዞረ፥ ሚዳቋን እንዴት እንደሚጠጓት፥ መቼ እንደሚሮጡ፥ የት አንገቷን እንደሚይዙ፥ ከጅብና ከአንበሳ እንዴት እንደሚሸሹ ከእርስዋ ይማራል። ይህን ትምህርት ሰው ሊያስተምር እጅግ ይቸገራል። በናሚቢያ ጥቂት አድገው የተገኙ አንዳንድ የሙት ልጆች ከብዙ ልምምድ በኋላ ወደ ዱር ተመልሰዋል፤ ዐይናቸው በተገለጠ በጥቂት ሳምንት የተነጠቁት ግን አብዛኞቹ በአጥር ውስጥ ዘመናቸውን ይፈጽማሉ። ዘመናቸውም ከዐሥር ዓመት በላይ ሊኾን ይችላል፤ ሥጋውም፥ መድኀኒቱም፥ ጠባቂውም በየቀኑ ይፈለጋል። ስለዚህ እውነቱን ሳንሸሽግ እንናገር፤ በመንገዱ መጨረሻ የሚደረገው መታደግ ሕይወትን ያድናል፥ ዱርን ግን አይመልስም። ነፍሱ ተረፈ፤ ለሜዳው ግን እንደ ሞተ ነው።

እንግዲህ መጠለያው ከንቱ ነውን? አይደለም። ከላይ እንዳልነው፥ የሚቀበል ቤት ስላለ ጠባቂው ሣጥኑን ይከፍታል፥ ዳኛውም ይፈርዳል፥ ነጋዴውም ይፈራል። መጠለያው ለሕጉ እግር ኾኖለታል። የሚያሠጋን እርሱን አይተን ሥራው ተፈጸመ ብለን እንዳንተኛ ነው። በአጥር ውስጥ ያሉት በበዙ ቍጥር ማኅበሩ ተሳካለት ሊባል አይገባም፤ የእነርሱ መብዛት የሣሩን ባዶ መኾን ይቈጥራልና።

ስለዚህ እውነተኛው መታደግ በመንገዱ መዠመሪያ ነው። የመዠመሪያውም ታዳጊ ሐኪሙ ወይም መኰንኑ ሳይኾን፥ በሜዳው ላይ በትር ይዞ የቆመው አርብቶ አደር ነው። ግልገሎቹን በሣር ውስጥ አይቶ ሳይነካቸው ካለፈ፥ ወተትና መድኀኒት፥ አጥርና አውሮፕላን አያሻም፤ እናቲቱ ተመልሳ ሥራዋን ትሠራለች። ይህን እንዲያደርግ ግን ባዶ ምክር አይበቃውም። ሌሊት መንጋውን የሚያስገባበት ጠንካራ የእሾኽ በረት፥ ንቁ ውሻ፥ ፍየሉ ቢበላበት ጉዳቱን የሚሰማው ሹም፥ በድርቅ ዓመትም ከደላላው አስቀድሞ የሚደርስለት ርዳታ ይፈልጋል። የአገሩ ሽማግሎች ቃል በዚያ ሜዳ ከሩቅ የተጻፈ ሕግ የማይደርስበት ይደርሳልና፥ እነርሱንም ማስረዳት ይገባል። በከተማ ያለነውም ድርሻ አለን። በሆቴል ወይም በግቢ የታሰረ ግልገል አይተን ለልጆቻችን እንደ ጨዋታ የምናሳይ፥ አብረነው ሥዕል የምንነሣ ከኾንን፥ እኛም ከገዢዎቹ ወገን ነን፤ አይተን ለሚመለከተው ሹም ብንናገር ግን ከታዳጊዎቹ እንቈጠራለን።

የካራማራ በር ኹለት ሺሕ ዓመት ያህል ወደ ባሕር ሲያወርድ ከኖረው መንገድ አንዱ ነው፤ የወረደውም አልተመለሰም። ቆርኬው ከሜዳው ጠፍቶ ስሙ ብቻ ቀርቶልናል። አቦ ሸማኔው ግን ዛሬም አለ። እናቲቱ ከአደን ተመልሳ በሣሩ ዳር ቆማ እንደ ወፍ ስትጣራ፥ ግልገሎቿ ከሣሩ ውስጥ የሚመልሱላት ኾነው ይገኙ ዘንድ መትጋት የዚህ ትውልድ ፈንታ ነው።